ጄኔራል ስላም እና ምስክሮቹ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አስፋልት ዳር ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት አንዱ ዘንድ ነው ያገኘሁት። ሽፋኑ ተልጧል፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል፤ በዋጋው ብዙ አልተከራከርንም። «ፖርክ ቾፕ ሂል» ይላል በእንግሊዝኛ። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ ዓይኔ «በዛቢብ አየላ» በሚል ስም ላይ ዐረፈ። ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ምርምር አያሻም፤ ሀበሻ መሆን ይበቃል። በዛብህ አየለ ነው፤ ኮሪያ የዘመተ የክብር ዘበኛ መኮንን። ስሙን ጆሮው እንደሰማው የከተበው ደግሞ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ መኮንንና የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ነው። መጽሐፉን ይዤ ቤት ገባሁ። ውዬ አድሬ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የጸሐፊው ነገር ያዘኝ፤ ይልቁንም ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ ስለ እሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የሆነው።

ሳሙኤል ላይማን አትውድ ማርሻል የተወለደው ጁላይ 18 ቀን 1900 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ካትስኪል በምትባል ከተማ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ እየተዛወረ ቆይቶ በመጨረሻ ቴክሳስ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለችው ኤል ፓሶ ሰፈረ። የስሙ አራት የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ስላም» ስለሚሉ ወዳጅም ጠላትም በዚሁ ይጠራው ነበር። በእንግሊዝኛ በርን ጓ አድርጎ መዝጋት ማለት ነው። በእኛ ጆሮ ከ«ሰላም» ጋር ይምታታል፤ ዕድሜውን ጦርነት ሲቆፍር ለፈጀ ሰው ጥሩ ቀልድ ነው።

በ1917፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ወታደር ቤት ገባ። ፈረንሳይ የዘመተው በ90ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ፣ በ315ኛው የመሐንዲስ ሬጅመንት ነው። ኋላ ሲያወጋ፣ ከተራ ወታደርነት በዚያው በጦር ሜዳ ለመኮንንነት እንደበቃ፣ ፈረንሳይ ከነበሩት አሜሪካውያን መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ እንደነበር፣ እግረኛ ጦር መርቶ እንደተዋጋ ይናገራል። አንባቢ ይህችን ወሬ ያዝ ያድርግልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከጦርነቱ መልስ ጋዜጠኛ ሆነ። መጀመሪያ እዚያው ኤል ፓሶ፣ ከ1927 ጀምሮ ደግሞ «ዲትሮይት ኒውስ» ላይ ጻፈ። የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት ዘግቧል። ጀርመኖች አውሮፓን በታንክ ሲጠራርጉ በ1940 «ብሊትዝክሪግ» የተባለ መጽሐፍ አወጣ። ፈጣን ጸሐፊ ነበር፤ ወሬ ማጣፈጥም ያውቅበታል። ጣጣውን ያመጣችበት ይህችው ማጣፈጥ ናት።

ሰውየውን ሰው ያደረገችው ማኪን ናት፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ በጊልበርት ደሴቶች ያለች ሚጢጢ ደሴት። በኖቬምበር 1943 የአሜሪካ 27ኛ ክፍለ ጦር ማኪንን ሲያጠቃ ማርሻል በሠራዊቱ የታሪክ ክፍል መኮንንነት አብሮ ነበር። የመጨረሻው ሌሊት ከባድ ነበር። ጃፓኖቹ በጨለማ እየጮሁ፣ በትንንሽ ቡድን እየተከፋፈሉ፣ አንዱ ሻለቃ የተኛበት ምሽግ ላይ እየደጋገሙ መጡ። ሲነጋ መትረየሶቹ ፊት ሬሳ ተነባብሮ ተገኘ። ማርሻል ማስታወሻውን ይዞ «ምን ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሁለት መኮንኖች የሰጡት ቃል አልገጥም አለው። ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ ሁለቱም ውሸታም አልነበሩም።

ሌላ የታሪክ ጸሐፊ ቢሆን የትልቁን ማዕረግ ቃል ወስዶ ይሄድ ነበር። ማርሻል ግን ከዚያ ሌሊት የተረፉትን ሁሉ አንድ ላይ ሰበሰበ፤ አዛዡም፣ ሃምሳ አለቃውም፣ ተራው ወታደርም አብረው ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ጥይት ጀምሮ ነገሩን በቅደም ተከተል ይጠይቅ ጀመር። ያን ጊዜ የት ነበርክ? ከጎንህ ማን ነበር? ምን ሰማህ? ከዚያስ? አንዱ ሲናገር ሌላው «የለም፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት» ይላል። የቆሰለው ጓዱን ማን እንደጎተተው የማያውቅ ሰው እዚያ ተቀምጦ ያውቃል። አዛዡ «አዝዣለሁ» ያለው ትእዛዝ ከምሽጉ ያልደረሰ ሆኖ ይገኛል። ጨለማው ውስጥ እያንዳንዱ የያዛት ቁራጭ ከጎረቤቱ ቁራጭ ጋር ስትገጥም ሌሊቱ ቀስ በቀስ ቅርጽ ይዞ ወጣ። የዚህ ጉባኤ ሕግ አንድ ነው፦ ራሱ ያየውን በሚመለከት የተራ ወታደር ቃል ከሻለቃው ቃል አያንስም።

እዚህ ላይ የእኛው ነገር ትዝ አለኝ። ድሮ ዘማች ሲመለስ በጌታው ፊት ዘራፍ ብሎ ይፎክራል፤ ግዳዩን ይጥላል። ፉከራ የብቻ ቢመስልም የብቻ አይደለም። አብረው የዘመቱት ዙሪያውን ቆመዋል፤ ያልገደለውን ገደልኩ ያለ እንደሆነ ከጎኑ ጉሮሮውን የሚጠርግ አይጠፋም። ማርሻል ማኪን ላይ ያገኘው ይህንኑ ነው እላለሁ፤ ፉከራውን ትቶ ምስክሮቹን ወሰደ።

ከፓሲፊክ ወደ አውሮፓ ተዛወረ። ኖርማንዲ ላይ በጃንጥላ የወረዱትን ጠየቀ፤ ባስቶኝ ላይ የተከበቡትን ጠየቀ፤ በኋላም የአውሮፓው ግንባር የታሪክ ክፍል ኃላፊ ሆነ። አብሮት የሚሄድ፣ የሚጽፍለት፣ ማታ ማታ የሚያወራው ጆን ዌስቶቨር የሚባል መኮንን ነበር። ይህም ስም ይመለሳል።

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1947፣ ስሙን ከሠራዊቱ ውጭ ሳይቀር ያስጠራውን መጽሐፍ አሳተመ፤ «ሰዎች ከእሳት ፊት» ብንለው ያስኬዳል። በውስጡ ዓለምን ያስደነገጠ አንድ ቁጥር አለ። እሱ እንዳለው፣ ጠላት ፊት ለፊት ከተጋፈጡ 100 አሜሪካውያን እግረኞች መሣሪያቸውን የተኮሱት ከ15 እስከ 25 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የቀሩት አልሸሹም፣ አልተደበቁም፤ ከምሽጋቸው ሆነው ዝም አሉ። ማስረጃው ደግሞ ወደ 400 ከሚጠጉ የእግረኛ ሻምበሎች ጋር ያደረገው ያ የቡድን ጥያቄ ነው ተባለ።

ጄኔራሎቹ መጽሐፉን ተቀብለው ሥራ ላይ አዋሉት። የተኩስ ልምምድ ከክብ ዒላማ ተላቆ ከቁጥቋጦ ብቅ ጥልቅ ወደሚል የሰው ቅርጽ ሲዞር የማርሻል ስም አብሮ ይነሳ ነበር። ምን ያህሉ የእሱ ሥራ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኮሪያ ላይ ተመልሶ አይቶ የሚተኩሰው ከግማሽ በላይ ሆኗል ሲል፣ መድኃኒቱ ሠራ ተባለ።

ኮሪያ ላይ ነው እኛ የምንመጣው።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በጅቡቲ አድርጎ በኤፕሪል 1951 ተነሳ፤ በሜይ ቡሳን ወደብ ደረሰ። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። ሰዎቹ የክብር ዘበኛ ናቸው። በአሜሪካውያኑ 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ፣ 32ኛው ሬጅመንት ሥር ገቡ። አንዱ ሻለቃ ሲመለስ ሌላው እየተተካ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከ3,000 በላይ ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ አንድም አልነበረም። ተኩስ ቆሞ እስረኛ ሲለዋወጡ ከእያንዳንዱ አገር ስም ሲጠራ፣ የኢትዮጵያ ወረፋ ላይ የሚጠራ ሰው አልነበረም።

በ1953 ጸደይ ማርሻል እዚያ ነበር። የሰላም ድርድሩ ፓንሙንጆም ላይ እየተጎተተ ሳለ፣ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ያሉት ኮረብቶች ላይ ሰው ይረግፍ ነበር። ዋነኛው ያ «ፖርክ ቾፕ»፣ «የአሳማ ሥጋ ቁራጭ» የሚል የወጥ ቤት ስም የተሰጠው ኮረብታ ነው። በኤፕሪል አጋማሽ ሌተናንት ጆሴፍ ክሌመንስ የሚመራው ሻምበል ኮረብታውን መልሶ ለመያዝ ወጥቶ አብዛኛው አለቀ። ማርሻል ከዚያ የተረፉትን ሰብስቦ እንደ ማኪኑ ጠየቃቸው። መጽሐፉ በ1956 ወጣ፤ በ1959 ግሪጎሪ ፔክ ክሌመንስን ሆኖ የሚተውንበት ፊልም ተሠራ። ሰው የሚያስታውሰው ፊልሙን ነው፤ ፊልሙም የክሌመንስን ሻምበል ይዞ ሄደ።

መጽሐፉ ግን ከክሌመንስ ሌላ የሚለው አለው። ማርሻል ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ተቀምጧል፤ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ከሚመሩት ዘማቾች ጋር። ስለ ሌሊት ቅኝታቸው፣ ስለ መኮንኑና ስለ ወታደሩ መግባባት የጻፈው ሙገሳ ለአሜሪካውያን ከጻፈው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ ትረካ ሲጀምር እንዲህ ነው፦ ጠላት ቁልቁል እያያቸው፣ ስምንት ኢትዮጵያውያን ከምሽጋቸው ወጥተው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ርቀቱ 800 ያርድ፣ ማለትም ከ700 ሜትር በላይ ነው። ዳገቱን ወጥተው ቻይናውያኑ ምሽግ ውስጥ ይገባሉ። ቀጥሎ ሲታዩ ስምንቱ አሥር ሆነዋል፤ ሁለት ምርኮኛ እየጎተቱ ነው የሚመለሱት። ይህችን ከማንም አልሰማም፤ ከሚመለከቱት አንዱ እሱ ራሱ ነበር።

እዚህ ታሪክ ላይ እኔም ቆም ብዬ ሳስብ የከነከነኝ አለ። ይህ ሁሉ በአሜሪካዊ እጅ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ አገር ቤት ግን ዘማቾቹ ስለ ዘመቻቸው ደፍረው የማያወሩበት ዘመን መጣ። በዲሴምበር 1960 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈ፤ ስሙም አብሮ ወደቀ። ከ1974 በኋላ ደግሞ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ በደቡቡ ወገን ተዋግቻለሁ ማለት የሚያኮራ ወሬ አልነበረም። ኮሪያ ሰፈር የሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ይዞ ቀረ፤ ጨዋታው ግን ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ሆነ። ማኪን ላይ እንደተደረገው እነሱን ክብ አስቀምጦ፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው ጥይት ጀምሮ የጠየቀ ማን ነበር?

ማርሻል በ1960 በብርጋዴር ጄኔራልነት ጡረታ ወጣ። ወጣ እንጂ አላረፈም። በ1966 መጨረሻ ቬትናም ሄደ፤ ዴቪድ ሃክዎርዝ የሚባል፣ ኮሪያ ላይ በወጣትነቱ የተዋጋ፣ ደረቱ በሜዳይ የተሞላ መኮንን ተመደበለት። ሃክዎርዝ ሽማግሌውን እንደ አባት ያከብረው ነበር። አብረው ከምሽግ ምሽግ ዞሩ፤ ለወታደሩ የሚታደል የውጊያ መመሪያም አብረው ጻፉ።

ከዚያ የቤት ነገር መጣ። ጆን ዳግላስ ማርሻል የሚባለው የልጅ ልጁ የጦር መኮንን ነበር። በ1971 ቬትናምን ሕሊናዬ አይቀበለውም ብሎ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። አያትየው ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከእንግዲህ ከቤተሰቡ አትቆጠርም የሚል። ወታደሩ ለምን እንደማይተኩስ ዓለምን ያስተማረው ሰው፣ አልተኩስም ያለውን የገዛ ሥጋውን ሊሰማው አልፈለገም። ስላም በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው።

ዲሴምበር 17 ቀን 1977 ኤል ፓሶ ውስጥ ሞተ፤ እዚያው ፎርት ብሊስ በሚገኘው የወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረ። መጻሕፍቱና ወረቀቶቹ ለከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ኬት ያሰናዳችው የሕይወት ታሪኩ ወጣ። እንግሊዛዊው የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ጆን ኪገን ገና እሱ በሕይወት ሳለ አሞግሶታል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የወዳጆች ትዝታ ይኸው ነበር፦ ጨዋታ አዋቂ፣ ከወታደር ጋር መሬት የሚቀመጥ፣ ጄኔራል የማይፈራ። እውነትም ነው። አንዱም አልተሻረም።

የተሻረው ሌላው ነው። ሮጀር ስፒለር የሚባል የታሪክ ምሁር፣ የማርሻል አድናቂ፣ የታዋቂውን ቁጥር ምንጭ ፍለጋ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ማስታወሻ ደብተሮቹ አሉ፤ ማን ተኮሰ ማን አልተኮሰ ብሎ የቆጠረበት ግን የለም። ደብዳቤዎቹም ስለ ቆጠራ አያነሱም። የቀረው ዌስቶቨር ነው፤ ያ አውሮፓን አብሮት የዞረው። ስፒለር ሄዶ ጠየቀው። ዌስቶቨር ከጥያቄ ጉባኤዎቹ ብዙዎቹ ላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ማርሻል «መሣሪያህን ተኩሰሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቶ እንደሆነ አያስታውስም። ማታ ማታ በሚያወሩትም ይህ የመቶኛ ነገር ተነስቶ አያውቅም። ስፒለር ቀኖቹንም ቆጠረ። ማርሻል ራሱ ለአንድ ሻምበል ሁለትና ሦስት ቀን ያስፈልጋል ይል ነበር፤ በዚያ ሂሳብ እጅግ ለጋስ ሆኖ ቢያሰላም 400 ሻምበሎች የሚያልቁት በ1946 መገባደጃ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት በላይ ሆኖት ማለት ነው። ይህን በ1988 አሳተመው።

ዌስቶቨር ጠላት አልነበረም። ቃሉን ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው። አለቃውን ይወድደው ነበር። ሲጠየቅ ግን ያላየውን አየሁ አላለም፤ አለቃው ራሱ ከእያንዳንዱ ወታደር ሲፈልግ የኖረውን ዓይነት ቃል ሰጠ።

በር ሲከፈት ሌሎችም ገቡ። ሃሮልድ ላይንቦ፣ በሁለተኛው ዓለም ጦርነት አውሮፓ ላይ የጠመንጃ ሻምበል የመራ፣ የዚያን ሻምበል ታሪክ ከጓዱ ጋር የጻፈ፣ «የእኔ ልጆች አልተኮሱም?» ብሎ ተቆጥቶ ተነሳ። የማርሻልን የመጀመሪያ ዓለም ጦርነት መዝገብ አስፈልጎ አገላበጠ። ቅድም ያዝ ያድርግልኝ ያልኩት ወሬ እዚህ ላይ ተፈታ። ተኩስ በቆመበት ቀን ማርሻል የመሐንዲሱ ሬጅመንት ሃምሳ አለቃ ነበር። መኮንን የሆነው በ1919፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። እግረኛ መርቶ የተዋጋበት ቦታ በመዝገቡ የለም። በ1989 የፊት ገጽ ዜና ሆነ። በዚያው ዓመት ሃክዎርዝ የራሱን ሕይወት ታሪክ ሲያወጣ እንደ አባት ያየውን ሰው አላዘነለትም፤ ሲበዛ ጨከነበት። ሃክዎርዝም ቢሆን ቃሉን ለብቻው ነው የሰጠው፤ ሟቹ «የለም» የሚልበት ቦታ አልነበረም።

እንደኔ እንደኔ ማርሻል ተራ ቀጣፊ አይደለም። ብዙ ሺህ ወታደር ሰምቷል። አብዛኛው ሰው በእሳት ፊት እንደሚደነዝዝ ጆሮው አውቆታል። ያን ስሜት እንደ ጋዜጠኛ ይዞት ቢቀመጥ ማንም አይከስሰውም ነበር። እሱ ግን ጄኔራሎች ቁጥር እንደሚወዱ ያውቃል፤ ቁጥር ሰጣቸው። የወጣትነቱንም ወሬ እንዲሁ። ስለ ሌላው ሲጽፍ ጓድ ያስቀምጥ ነበር፤ ስለ ራሱ ሲያወራ ክፍሉ ባዶ ነው።

በመጨረሻ የመጣው የልጅ ልጁ ነው። ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር። የአያቱ ስም ሲወድቅ፣ የተባረረው እሱ፣ «እሰይ» ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። መኪናውን አስነስቶ አሜሪካን ዞረ። የአያቱን ወዳጆች፣ ባልደረቦች፣ ከሳሾች በየቤታቸው አንኳኳ። የት ነበሩ? ማን ነበር አብሮ? ምን ሰሙ? ብሎ ጠየቀ፤ የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር አስተያየ። በ1993 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ የእርቅ መንገድ እንደማለት ነው። አያቱን ነፃ አላወጣውም፤ አልሰቀለውምም።

እኔ ወደ አሮጌው መጽሐፌ ተመለስኩ። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ስምንቱ አሥር ሆነው የተመለሱበትን ገጽ እንደገና አነበብኩት። የዘመቱት ሰዎች ልጆች ይህችን ከተማ ሞልተዋል፤ የሚጠየቁ አሉ። ለጊዜው በእጄ ያለችውን አደረግሁ፤ እርሳስ አነሳሁና «በዛቢብ አየላ» በሚለው ላይ አንድ መስመር ስቤ፣ ከጎኑ በራሳችን ፊደል «በዛብህ አየለ» ብዬ ጻፍኩ። ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ፤ እሱን ግን ከሁለት የአማርኛ ስሞች የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሰው መጠየቅ ያስፈልገኛል።